የአራስ ቅቤ

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታው። የአንድ ከባድ መኪና የኋላ ጎማ ተፈቷል። ቆም አልኩ።

ልጅ ሳለሁ የአባቴ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬውም እንዲሁ ጎማው ተፈቶ ደጃችን ቆሞ ነበር። ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ተቀዶ ፍሬኑን ዘይት አርሶታል። እናቴ ምጥ ጠንቶባት፣ ከላይ፣ ጭነት በሚጫንበት ቦታ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሌላ መኪና በመንደሩ የለም።

አባቴ አዲሱን ጎሚኒ ሊያስገባ ጎንበስ አለ። በሹፌርነት ያረጁት ጎረቤታችን ሀጂ ከድር እጁን ያዙት።

«ደረቁን አታስገባው ልጄ። መንገድ ላይ ተቃጥሎ ዘይቱን ከለቀቀው፣ ቁልቁለቱ ላይ በምን ታቆመዋለህ?»

«የምቀባው ግራሶ የለኝም ሀጂ!» አባቴ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እናቴ ከላይ ሰማች። «ቅቤው አለ አይደል?»

ስትወልድ አናቷ ላይ እንዲደረግላት አክስቴ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችው ቅቤ ነው። ሀጂ አመነቱ።

«የአራስ ቅቤ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«መጀመሪያ ልድረስ፣ ሀጂ» አለች።

ሀጂ «ቢስሚላህ» ብለው የጎሚኒውን ከንፈር ዙሪያውን በጣታቸው ቀቡት፤ ጣውላ ደግፈውም ቀስ እያሉ መትተው አስገቡት። ጎማው ታስሮ መኪናው ሲሄድ ባዶው ቅጠል እጄ ላይ ቀረ።

አሁንም ጋራዡ በር ላይ ቆሜ የምሰማው፣ አባቴ በማግስቱ እናቴን አጥቶ ብቻውን ተመልሶ፣ ጎማው ስር ቁጢጥ እንዳለ፣ ቀና ሳይል ለሀጂ የተናገረውን ነው።

«ጠብ አላለም፣ ሀጂ። አንዲት ጠብታ እንኳን አልፈሰሰም።»