በኒካሁ ላይ የተዘረጉ እጆች

የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ወደ መዳፌ መታጠፍ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሮቤ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። መዳፌ ጨርቁ ላይ አልተኛ ሲለኝ ስፌቱ ይጣመም ጀመር። ደንበኛ ደግሞ ጣትህ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ሱሪዬን አበላሸህ ነው የሚለው።

ጎባ ሄጄ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ፋሻው ሲፈታ ጣቴ ቀጥ ብሎ ሳየው እንደ ልጅ ነው የፈነደቅሁት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ደስታ ግን አያስጨርስም።

«ከቆዳው ስር ያለው ጅማት መሳይ ነገር ነው የሚኮማተረው። ቆርጠን ብናወጣውም ሊመለስ ይችላል» አለኝ።

«መመለሱ በምን ይታወቃል?»

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በዘር ካለ ግን ያሰጋል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አልኩት አፌን ሞልቼ። መዳፌን በየጊዜው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ እንድፈትሽ መክሮ ሸኘኝ።

በዚያው ሰሞን ጊኒር የአጎቴ ልጅ ኒካህ ነበር። ሼኹ ዱዓ ሲጀምሩ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። እኔ የዳነውን እጄን ለማየት ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። ፊት ለፊቴ አጎቶቼ፣ የአባቴ ወንድሞች፣ ተቀምጠዋል። የታላቁ አጎቴ ሁለት ጣቶች ወደ መዳፋቸው ታጥፈዋል። የታናሻቸውም አንድ ጣት እንደዚያው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው እጆች ናቸው፤ እርጅናና እርፍ ያጎበጣቸው ይመስለኝ ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። አሚን ማለት እንኳን ረሳሁ።

ሰዉ ለምግብ ሲነሳ ታላቁ አጎቴ ጠሩኝ።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ ልጄ? ሠርግ ቤት የለቅሶ ፊት ይዘህ?»

ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው።

«የአባትህም እንዲሁ ነበር» አሉ።

አባቴ የሞተው ሕፃን ሳለሁ ነው፤ እጁን አላስታውስም።

«እንግዲያው የእኔም ይመለሳል» አልኩ። እንጀራዬ በዚያ ጣት ነውና ፈራሁ።

እጄን ተቀብለው በታጠፉት ጣቶቻቸው ጠባሳውን ዳሰሱት።

«ይመለስ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። በቤታችን ታጥፎ ሲዘረጋ ያየሁት እጅ ግን ይሄ ብቻ ነው። እስኪመለስ ስፋበት። የኔን ጀለቢያ አስቀድም።»

በማግስቱ ሱቄ ገብቼ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ሙሉ በሙሉ ተኛ። ከዚያ ለአጎቴ ጀለቢያ የሚሆን ጨርቅ ዘረጋሁና፣ የታጠፉት ጣቶቻቸው እንዳይያዙባቸው እጅጌውን ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩ።