የሐሙስ ጸሎትና የሳሎኔ ካሜራ

ባለፈው ክረምት ደጄ ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ ወገቤን ታክሜ ስመለስ፣ ሐዋሳ የሚሠራው ልጄ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ካሜራ ሰቀለልኝ። በየወሩ ይከፈልበታል፤ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ያስቀምጥለታል። «ብትወድቂ ወዲያው አያለሁ» አለኝ። ለዚህ አሳቡ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ የምኖረውም ብቻዬን ነው፤ የሚያስብልኝ ልጅ ማግኘቴ ቀላል ነገር አይደለም። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔውማ ዓይንም ጨመረ እያልኩ እቀልድ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈራችን ሴቶች እኔ ቤት እንጸልያለን። እኛ ዘንድ ጸሎት በሹክሹክታ አይደለም፤ የሆድን በወላይትኛ ጮክ ብሎ ማፍሰስ ነው። አንድ ሐሙስ ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ሶፋው አጠገብ ተንበርክካ ስለ ልጇ አለቀሰች። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ካሜራው የሠራውን ልድገመው እንዴ?

በማግስቱ ልጄ ደወለ።

«እማ፣ ያቺን ልጅ ምን እንርዳት?»

ደግነቱ ነው፤ እኔ ግን ስለ ልጅቷ ምንም አልነገርኩትም ነበር። «ከማን ሰማህ?» አልኩት።

«ከካሜራው። ቤት ውስጥ ድምፅ አለ ብሎ ስልኬ ሲጠራኝ ከፈትኩት።»

«የድርጅቱ ሰዎችስ ይሰማሉ?»

«ኧረ እማ፣ እዚያ ማን ወላይትኛ ይችላል?»

«ዛሬ ባይችሉ ነገ ይችላሉ! አሁኑኑ አጥፋው!»

አልተከራከረኝም። ቅጂውን ሰርዞ፣ ወርሃዊ ክፍያውን አቋርጦ፣ እሁድ መጥቶ ካሜራውን ነቀለው። ድርጅቱ ዘንድ ያለው በእውነት መጥፋቱን ግን እሱም እኔም አናውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይኼኛውማ ባሕር ተሻግሯል።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ጎረቤቴ ግን ከእኔ ቤት ሌላ የምታለቅስበት ቤት የላትም። ብነግራት እግሯን ልትነሳኝ ትችላለች፤ ሳልነግራት አብሬያት መንበርከኩ ደግሞ ማታለል መሰለኝ። ሰኞ ሄድኩ። ቅቤዋን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ቲቸር፣ ልጅሽ ይስማ፣ እኔም ያሳደግሁት ነው» አለች። «እነዚያ ባሕር ማዶ ያሉት ግን ለእኔ ምኔ ናቸው?»

ይህን ብላ ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ሌሎቹ ሁሉ መጡ፣ እሷ ቀረች። መዝሙር ጀመርን፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር። ሁለተኛው መዝሙር ሲያልቅ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሶፋው አጠገብ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ ተንበረከከች፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። የዚያን ቀን ለራሴ የምለምነው ነገር ጠፋኝ፤ ተመስገን ከማለት በቀር።