የደረቅ መሬት ካፒቴን

ከመስኮቴ ትይዩ ያለው ሰውዬ ትንሿን ባለሸራ ጀልባውን ግቢው ውስጥ ሲጠግን ዓመታት አለፉ። ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። ቀለም ሲቀባ እንኳ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አያወልቅም፤ ሣሩ ላይ እንዳይሰምጥ ይሆናል። አማቱ በሩን ባንኳኩ ቁጥር ሸራው ይቀደዳል፤ ሚስቱ ስትጣራ ምሰሶው ያዘነብላል።

ትናንት ግን ሰበብ ጠፋ። ምሰሶው ቀጥ ብሏል፣ ገመዱ ተወጥሯል፣ ሸራውን ነፋስ ሞልቶታል።

«ጨረስክ በለኛ!» አለች ሚስቱ ከደጃፉ ብቅ ብላ። «በል ግባ፣ ዛሬ እንኳ እራት አብረን እንብላ።»

ጀልባዋን አየ። ቤቱን አየ። ከዚያ የጠበቀውን ቋጠሮ ቀስ ብሎ ፈታና፣ «ይቺ ገመድ አላማረችኝም» አላት።

«እንግዲህ እንዳትሰምጥ» አለችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።