በጀርባዋ የገባችው ከርከሮ

ልጅ ሳለሁ የጀመርኩትን ወሬ የሚጨርስልኝ ሌላ ሰው ነበር። እንተባተባለሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ በተማርኩበት ክፍል፣ ለመመለስ ስነሳ የመጀመሪያው ድምፅ ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀራል፤ ከኋላ ያሉት ይስቃሉ፣ አጠገቤ ያለችው ትመልስልኛለች። ባቡር ጣቢያ ውሎ የሚገባው አባቴ እንኳ «ውሃ ነው? ዳቦ ነው?» እያለ ያቋርጠኝ ነበር፤ ከፍቅሩ የተነሳ ነው። አንድ እሁድ ማታ እንደ ምንም ብዬ ትምህርት ቤት መሄድ እንደማልፈልግ ነገርኩት።

«እስከ ዓርብ ታገሺ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ።

በዚያው ሳምንት መምህራችን ቲቸር አለምነሽ፣ የክፍሉ ቆርቆሮ ሲያቃጥለን ጊዜ፣ ፀሐይ በረድ ስትል ወንዙ ዳር ወዳለው ጫካ ትወስደን ጀመር። የጫካው ጠባቂ ጋሽ ዓሊ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ግራር ሥር ሻይ የሚያፈሉበት ፍም አላቸው፤ ያኔ ጭሱ ከአቧራውና ከሙጫው ሽታ ጋር ተደባልቆ በልብሳችን ቤት ድረስ ይከተለን ነበር። ቲቸር በየዛፉ ሥር ለየብቻ አስቀምጣ ዙሪያችንን እንድናይ ታደርገናለች። ከዚያ ፍሙን ከበን፣ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ እንደሚለዋወጡት፣ ዳጉ እንቀመጣለን። የጋሽ ዓሊ ተረት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዳጉው ሕግ ቀላል ነበር፤ ያዩትን ብቻ መናገር፣ ተናጋሪው እስኪጨርስም ዝም ብሎ መስማት።

ተራዬ ደረሰ። «ከ... ከ...» ስል አንዱ ልጅ «ከብት!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ዓሊ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ዝም በል፤ ወሬው የእሷ ነው። ወላሂ፣ እስክትጨርስ ሻይ አልቀዳም!»

ፍሙ አመድ እስኪለብስ ቆየሁ መሰለኝ፤ ግን ጨረስኩ። ከዛፌ ሥር ሆኜ ያየኋት ከርከሮ ግልገሎቿን ጉድጓድ ካስገባች በኋላ ዞር ብላ፣ ተሳቢ መኪና ጋራዥ እንደሚገባው፣ እሷ የኋሊት፣ በጀርባዋ ገባች። ልጆቹ ሳቁ፤ የሳቁት ግን በከርከሮዋ ነበር።

«ማሻአላህ! በደንብ አይታለች» አሉ ጋሽ ዓሊ። «ጅብ ቢመጣ በሩ ላይ የሚጠብቀው ክራንቻዋ ነው።» ወዲያውም ጅብ ከርከሮን «ለሰላምታ መጣሁ» ብሎ አፍንጫው ተቦጭቆ የተመለሰበትን ተረት አወጉን።

ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶ በኩራዝ ተቀምጠን ሳለ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ጣቢያው ጥላ ሥር ያረፈ አንድ ግመል ነጂ፣ አንዲት የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከርከሮ በጀርባዋ ስትገባ ማየቷን ነግሮታል። ወሬዬ ያለ እኔ ከተማውን ዞሮ ቤታችን ደርሶ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ኩራዙን ወደ እኔ አስጠግቶ ተቀመጠ። «በይ፣ ከራስሽ አፍ ልስማው።»

ዛሬ የምሠራው ሰመራ ነው፤ ዛሬም እንተባተባለሁ። ከጋሽ ዓሊ ተረቶች ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ እሳቸውንና ቲቸር አለምነሽን ግን ሳላመሰግን የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። የዚያን ዓርብ ማታ ተናግሬ እስክጨርስ የእራቱ ወጥ ቀዘቀዘ። የአባቴ ከንፈር ቃሉን ሊያቀብለኝ ይንቀሳቀስና መልሶ ይገጥማል። ስጨርስ «ሰኞስ?» አለኝ።

«እ... እ...» አልኩ። መልሱን ያውቀዋል፤ ግን ጠበቀኝ። «እሄዳለሁ» ያልኩት እኔው ነኝ።