በገበያ ቀን የተሰበሰበው ጉባኤ

ተታልያለሁ። ቱርሚ አጠገብ ካለው ግጦሻችን ሥር ያለው ድንጋይ የባሕር ማዶ ፋብሪካ ጭስ መቅበሪያ እንዲሆን ከነመንደሬ ፈቅጃለሁ ይላል ወረቀቱ። የኩባንያው ወኪል «የከብት ክትባት መዝገብ ነው» ብሎ ነው አውራ ጣቴን ቀለም የነከረው። ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው ወረቀት ሆነ። ለዞኑ መሬት ጽሕፈት ቤት አቤት ብዬ ለዛሬ ቀጥረውኛል፤ ጂንካ።

ቱርሚ፣ ንጋት 12 ሰዓት

አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ከኋላ ፍየልና የማሽላ ጆንያ። አሸዋ፣ ግራር፣ የደረቀ ወንዝ። ሾፌሩ የወላይታ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«አባቴ፣ ጭስ እንዴት ይቀበራል?»

«ከፋብሪካው ይዘው፣ በመርከብ በቧንቧ አምጥተው፣ ከውሃ ጋር ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይገፉታል። ድንጋይ ይሆናል አሉ።»

«አገራቸው ድንጋይ የለም?»

«አለ። እዚያ ግን ሰዉ ያነባል።»

መሪውን እየመታ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እነሱ ፋብሪካቸውን ሳይዘጉ በየአገሩ ስብሰባ «ንጹሕ ነን» ሊሉ፣ የእኛ ከብት ግጦሹ ታጥሮበት ውጭ ሊቆም!

ቀይ አፈር፣ 4 ሰዓት

ጎማ ተነፈሰ። ዕለቱ ሐሙስ፣ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ቤናው ማሩን፣ ፀማዩ ፍየሉን ይዞ መንገዱን ሞልቶታል። የሃያ ብር የበቆሎ ጥብስ እየጋጥኩ ሰዉን አያለሁ። ዛሬ በየመንደሩ ማን ቀረ? ማንም። ይኼን እንዳሰብኩ ወረቀቱን አወጣሁ። ስንቴ ያለፍኩት መስመር ነው፦ «ሰኞ ዕለት ነዋሪው በሙሉ በመንደሩ ተሰብስቦ ተስማማ።»

በቆሎው ከእጄ ወደቀ።

ጂንካ፣ 8 ሰዓት

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወንበሩ ላይ፣ የኩባንያው ወኪል ከጎኑ። ጸሐፊዋ የጂንካ ተወላጅ፣ የአሪ ልጅ ናት።

«አባባ፣ ይኼ እኮ የዓለም የአየር ንብረት አጀንዳ ነው» አለ ኃላፊው።

«ማንበብም አይችል፤ ሰው መክሮት ነው» አለ ወኪሉ።

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቀስ እያልኩ፣ አንድም ቃል ሳልስት። «ሰኞ» ላይ ስደርስ ጸሐፊዋ ቀና አለች።

«ሰኞ? ሰኞ የቱርሚ ገበያ አይደል እንዴ! ማን ተሰበሰበ፣ ውሾቹ?»

ኃላፊው ወደ ወኪሉ ዞረ። «እነማንን ነው የሰበሰብከው?»

ወኪሉ ወረቀቱን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ኃላፊው ቀድሞ ያዘው።

ስምምነቱ ፈረሰ፤ ማኅተም ተመታበት። ጸሐፊዋ ማፍረሻውን እንድፈርም ከልምድ የጣት ቀለሙን ብትገፋልኝ መለስኩላትና እስክሪብቶ ጠየቅኩ። ስሜን ጻፍኩ። ቀኑንም ራሴ ጻፍኩት፦

ግንቦት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.