የኔን ባክቴሪያ የወሰደው ዶክተር

ትናንት ከሰዓት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ አማካሪዬ ዶክተሩ ጥናት ሲያቀርብ አራተኛው ስላይድ ሲገለጥ... የራሴን የላብራቶሪ ሳህን ግድግዳው ላይ አየሁት። ከሥሩ የሱ ስም ተጽፏል። የኔ የለም።

ኅዳርን ሙሉ ከጅማ ሊሙ ገነት በሚኒባስ እየተመላለስኩ፣ የተፈለፈለ ቡና ከሚዘፈዘፍበት ገንዳ ዝልግልጉን እየቀዳሁ ያሳደግኩት ባክቴሪያ ነው። ይሄ ጉድ ምግቡን ሲሻሙበት መርዛማ ፕሮቲን ሠርቶ ይለቃል። ቡናውን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች በዙሪያው ይረግፉና ሳህኑ ላይ ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። ራሱን እንዳይገድል ማርከሻውንም አብሮ ይሠራል። ከሁሉም በላይ የሚጨክነው ግን በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ነው... የሚሻሙት አንድ ምግብ ነዋ። የኛን ዲፓርትመንት የሚያውቅ ሰው አይገርመውም።

ዶክተሩ «ያገኘሁት ባክቴሪያ» እያለ ቀጠለ። (ድሮ «እርስዎ» ነበር የምለው። ትናንት አለቀብኝ።) እኔን ሳህን በማጠብ ያገዘች ልጅ ብሎ አመሰገነኝ፤ ከሹፌሩ ቀጥሎ። የትኛው ሹፌር እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ከሊሙ የተጋበዙት የገንዳው ኃላፊ አባ ዱራ እጃቸውን አወጡ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እሱን።

«ዶክተር፣ እኛ ጋ መቼ መጡ? አልተገናኘንም መሰለኝ።»

«ግንቦት ላይ።»

ከኋላ የአንዱ ሳቅ አመለጠ። ጅማ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሮ፣ ግንቦት ላይ የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ መሆኑን የማያውቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

አባ ዱራ ግን አልሳቁም።

«ወላሂ ዶክተር፣ ግንቦት ላይ እዚያ ገንዳ ውስጥ የሚያድረው የኔ ዶሮ ነው። ኅዳርን ሙሉ ስትመላለስ የነበረችው ይቺ ልጅ ናት።»

አንድ መምህር ደግሞ ገዳዩ ፕሮቲን መሆኑ በምን እንደታወቀ፣ አሲድ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ ስላይዱን ወደፊት ገፋው፣ ወደኋላ መለሰው፣ ከዚያ እሷ ታስረዳለች ብሎ ወደኔ ጠቆመ። ወጣሁና አስረዳሁ። አሲዱን ባጠፋውም መግደሉን አላቆመም። ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ስጨምርበት ግን ክቡ ጠፋ፤ ገዳዩ ፕሮቲን ነው ማለት ነው። ሁሉንም «እኔ» እያልኩ ነው የተናገርኩት።

ስወርድ ዶክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ተይው በቃ፣ ነገር አታክርሪ። ወረቀቱ ሲታተም ስምሽን ከኔ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጌ አስገባዋለሁ።»

ዛሬ ጠዋት አማካሪ ይቀየርልኝ የሚል ማመልከቻ አስገባሁ። የተቀበለችኝ ጸሐፊ አንብባ ስትጨርስ ምርቃትሽ አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል አለችኝ።

ይዘግይ። በገዛ ሥራዬ ላይ ሁለተኛ መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም።