የሞጣ መስመር ሲበላሽ

ይህን የምጽፈው ቢቸና ሆኜ ነው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ አሁን የተዘጋበት ሰሞን ነው። በደህናው ጊዜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ፣ ለምሳ ሞጣ አባቴ ሱቅ እደርስ ነበር። አሁን ስልኬን እያገላበጥኩ የራውተር መልእክት አነባለሁ። «ሞጣ ተመልሷል» ይላል። መመለሱን ማን ጠየቀህ! እኔን የናፈቀኝ ብልሽቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብድርና ቁጠባ መሥሪያ ቤታችን የጁቤ፣ ሉማሜ፣ ሮብ ገበያና ሞጣ ቅርንጫፎች አሉት። ሁሉም ቢቸና ካለው ቢሯችን ጋር የሚገናኙት በራውተር፣ የኔትወርክ መስመሩን በሚያገናኝ ሳጥን ነው፤ ራውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ጨዋ ናቸው። የሞጣው ግን መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር እሱ ይነሳና መስመሩ ተኝቶ ይቀራል። ሰው ሄዶ ላፕቶፑን በገመድ ሰክቶ መስመሩን ዘግቶ መክፈት አለበት። ዝጋ፣ ክፈት፤ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ለዚያች ለዝጋ ክፈት ከቢቸና ሞጣ እሄድ ነበር።

ወላሂ፣ እንደዚያ የምወደው ሥራ አልነበረኝም። የአባቴ የጨርቅ ሱቅ ከቅርንጫፉ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከሚኒባስ ስወርድ ከሩቅ ያዩኛል፤ ግን አይጠሩኝም። መጀመሪያ ሥራዬን እንድጨርስ ይፈልጋሉ። ቢሮ ገብቼ፣ መስመሩን አንስቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ ስመጣ ጣቃውን እያጠፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ከበድ ያለ ነው?» ይሉኛል። ከባድ ከሆነ አድራለሁ፤ ቀላል ከሆነ ምሳ በልቼ በመጨረሻው መኪና እመለሳለሁ። ሁልጊዜም ቀላል ነበር። «ቀላል ነው አባዬ» ስላቸው «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ፤ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ታዲያ ያለ ብልሽት ለምን አትሄጂም የሚለኝ አይጠፋም። እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ! ሰው ያለ ጉዳይ ሥራውን ጥሎ ሲዞር አይወዱም። ራሳቸው ለሰላት ካልሆነ በቀር በጠራራ ፀሐይ ሱቃቸውን ዘግተው አያውቁም። በስልክ «ልምጣ እንዴ?» ስላቸው ቆጣ ይላሉ። «ምን ተበላሸ? ምንም? እንግዲያው ሥራሽ ላይ ተቀመጪ፤ የሰው እንጀራ ነው የያዝሽው።» እኔም እንዳሉት አመንኳቸው።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠራኝ። «መንገዱን እያየሽው ነው» አለ። «ገበሬው ከቆላ ድረስ መጥቶ ሲስተም የለም ተብሎ ይመለሳል። አንቺም መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ያ ራውተር ራሱን በራሱ የሚያነሳበት ዘዴ ፈልጊ።» ምን ልበል? አባቴን የማየው በእሱ ሰበብ ነው ልበል? ደግሞ እውነቱን ነው። ሲስተም የለም የተባለ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቲክል የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ አለ። አንዳንድ ራውተር ውስጥ አብሮ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ሰው ተቀምጦ የሚጽፈውን ትዕዛዝ እሱ በሰው ፋንታ ይጽፋል። የሚያስተምረኝ ሰው ስላልነበረ ከዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ ራውተር አስወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሌላው ሰው ምሳ ሲወጣ እኔ ከእሱ ጋር እቀራለሁ። የከፈትኩትን ቅንፍ ሳልዘጋ ስቀር ዝም ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔ ደግሞ እሳደባለሁ። ምን ታፈጣለህ፣ ደንቆሮ! በኋላ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሲገኝ ወዲያ ወዲህ አይና ቅንፌን እዘጋለሁ።

መጀመሪያ የሠራልኝ ስክሪፕት፣ ማለትም የትዕዛዝ ድርድር፣ ቅርንጫፎቹን በተራ የሚጠራ ነበር። ቅርንጫፉ ከመለሰ ቃለ አጋኖ ይደረድራል፣ ካልመለሰ ነጥብ። የጁቤ መለሰ፣ ሉማሜ መለሰ፣ ሮብ ገበያ መለሰ። ሞጣ ላይ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ቃለ አጋኖዎቹ ተደርድረው ሲመጡ፣ ሳቅም ዕንባም መጣብኝ። ሞጣ ጠርቼው አቤት ያለኝ መሰለኝ። እዚያ ማዶ ጨርቅ የሚያጥፉት አባቴ ይህን አያውቁም።

ከዚያ ዋናውን ጻፍኩ። ቢቸናን ጥራ፤ ካልመለሰ መስመሩን ዝጋ፤ ክፈት፤ ደግመህ ጥራ። አሮጌው ራውተር ላይ ስሞክረው ጉድ ፈላ፤ መስመሩ እስኪነሳ ሳይጠብቅ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጥቂት ታገሥ የሚለውን ትዕዛዝ ረስቼዋለሁ። አለቃዬ አይቶ «ቁርጥ አንቺን!» ብሎ ሳቀብኝ። መታገሥን ጨመርኩለት፤ መስመሩ ሲነሳ ለስልኬ መልእክት እንዲልክም አደረግኩ። ሞጣ ሄጄ ጫንኩት። አባቴ «ከበድ ያለ ነው?» አሉኝ። «ቀላል ነው» አልኳቸው፤ ከእንግዲህ የምመጣበት ብልሽት እንደሌለ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ።

ሰነበተና ሞጣ መብራት ጠፋ። ተመለሰ ተባለ፤ የኔ መልእክት ግን የለም። ግንፍል ብዬ የቅርንጫፉ ጥበቃ ዘንድ ደወልኩ፤ የአባቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ናቸው።

«ጋሼ፣ መብራት መጥቷል?»

«መጥቷል ልጄ።»

«ታዲያ ራውተሩ ምን ነካው?»

«ነቅዬዋለሁ። የዚህ አገር መብራት ሲመጣ በኃይል ነው፤ ያቃጥለዋል። እስኪረጋ እየጠበቅሁ ነው።»

ወይ እኔ! እኔም እኮ መብራት ሲጠፋ ከሁሉ አስቀድሞ የቴሌቪዥኑ ሶኬት በሚነቀልበት ቤት ነው ያደግኩት። ያን ሁሉ ትዕዛዝ ስጽፍ የሚነቅል እጅ መኖሩ ትዝ አላለኝም። «ሲረጋ ይሰኩት ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ያውቅበታል» አልኳቸው። ሰኩት። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፦ «ሞጣ ተመልሷል።» ቢሮው አጨበጨበልኝ፤ አለቃዬም «እሰይ የኔ አንበሳ» አለኝ። እኔ ግን የሞጣ ጉዞዬን ነበር የማስበው።

ጉዞው በዚያው ቀረ። አባቴ ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥሎ «መስመሩ እንዴት ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው አባዬ። አሁን ራሱን ያነሳል።» «ራሱን?» «አዎ፣ ራሱን።» «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ስልኩን ዘግቼ ራውተሩን እረግመዋለሁ። የተማርኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ፣ የምረግመውም እኔ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ የሞጣ መልእክት በላይ በላዩ መምጣት ጀመረ። «ሞጣ ተመልሷል።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሞጣ ተመልሷል።» ስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ምንም የለበትም። ለቅርንጫፉ ደውዬ መብራቱን ስጠይቅ አልጠፋም አሉኝ። ጥበቃው ዘንድ ደወልኩ። እህ፣ እህ እያሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አትቆጪኝ። አባትሽ ናቸው።»

«አባቴ ምን አደረጉ?»

«እስቲ ትንሽ ንቀልልኝ፣ ተበላሸ ሲባል ትመጣለች አሉኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት እያየሁ ነቀልኩት። ስሰካው ግን ያ ያንቺ ነገር ወዲያው ያነሳዋል። ራሱን ያነሳል ቢባሉም እሳቸው አላመኑም። ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥተው መኪና ሲወርድ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ይኸው ዛሬም ተቀምጠዋል።»

አንጀቴን በላው። እኚያ ሥራሽ ላይ ተቀመጪ የሚሉኝ ሰው!

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ሞጣ ልሂድ» አልኩት።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም። አባቴ ናፍቀውኛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «መንገዱ ክፍት ሳለ ቶሎ ሂጂ» አለኝ።

በማግስቱ ሞጣ ወረድኩ። ወንበራቸው በር ላይ ነበር፤ እሳቸውም አሉ። አይተውኝ እንደ ልማዳቸው ፈጥነው ገቡና ጣቃ ማጠፍ ጀመሩ። እኔ ወደ ቢሮው አልሄድኩም፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ ገባሁ። ላፕቶፕም አልያዝኩም። ባዶ እጄን አዩና ግራ ገባቸው።

«ቢሮ ሳትደርሺ? ከበድ ያለ ነው እንዴ?»

«አልተበላሸም አባዬ።»

«ትናንት ጠፍቶ ነበር ሲሉ ሰማሁ...»

«ተነስቷል። ምንም የተበላሸ የለም። እርስዎን ብዬ ነው የመጣሁ። አድራለሁ።»

ጣቃውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ ላይ ወጥተው ማዶ ላሉት ጥበቃ፣ ገበያተኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኹ።

«ሰማህ ወይ! ምንም ሳይበላሽ መጣች!»

ከዚያ ወንበሩን አስገቡ፤ ቁልፉን ከባንኮኒው ላይ አንስተው፣ ገና በጠራራ ፀሐይ፣ የሱቁን በር ዘጉና ወደ ቤት ይዘውኝ ሄዱ።